ሱራፌል የቆረጣቸው ጨርቆች

ዙሪክ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2024

ለወንድሜ ለጋሼ ገረመው

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከቀብሩ መልስ ጄኔቭ በሰላም መግባትዎን ጎረቤትዎ ትርፍነሽ ደውላ ነግራኛለች። ጆሮዎ ስልክ እምቢ ካለ ወዲህ ከእርስዎ ጋር የምነጋገርበት መንገድ ፖስታ ብቻ ሆነ። እጄ መጻፍ ረስቷልና ፊደሌን ይታገሡኝ።

ባቡር ጣቢያ ስንለያይ ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ እበላለሁ። እተኛለሁም። አላለቅስም። አንድ ልጇን ቀብራ የማታለቅስ እናት ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ለሰሚው ግራ ሆናባቸዋለች። እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት መርፌ እንደሚያደርገው ነው።

የምጽፍልዎት ለሥራ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ኡስተር ሄጄ የሱራፌልን ቤት ከፈትኩ። ሁለት ዓመት ሲኖርበት ገብቼበት አላውቅም። ምክንያቱን ያውቃሉ። ወታደር ቤት የሰጠውን ጠመንጃ እንደዚህ አገር ወንዶች ሁሉ ቤቱ ያስቀምጥ ነበር፤ እኔም «ያ ነገር ባለበት ቤት አልገባም» ብዬዋለሁ። ምግብ ይዤለት እሄድና ሣህኑን በሩ ላይ አቀብዬው እመለስ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርን።

ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ነው። ያን ቀን ከተኩስ ማኅበሩ ተመልሶ ሊያጸዳው ፈታቶ ነበር፤ ልቡ የቆመችው እዚያው ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። ፖሊሶቹ የሚያስተኩሰውን ብረት አውጥተው ስለወሰዱ አይሥጉ፣ አሁን ባዶ ቧንቧ ነው። አጠገቡ የመወልወያ ዘንግ፣ ዘይት፣ አሞኒያ አሞኒያ የሚሸት ጠርሙስ አለ። ነጫጭ ጨርቆችም አሉ። በመቀስ አራት ማዕዘን አድርጎ ቆርጦ፣ በአሥር በአሥር ደርድሯቸዋል። አንዱንም አልነካውም።

ወታደር ቤቱ ዕቃውን በሙሉ እስከ ኦክቶበር 31 ጾይግሃውስ፣ ማለት የጦር ዕቃ ማከማቻው፣ እንዳስረክብ ጽፎልኛል። የቤቱንም ቁልፍ የምመልሰው በዚያው ቀን ነው። ስደውልላቸው ጠመንጃውን እንዳለ አምጪው አሉኝ። እንዳለ አላመጣውም። ልጄ ቆሻሻ ዕቃ ትቶ ሞተ አይባልም። እሱ የጀመረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።

በዘንጉ አንድ ጨርቅ ባሳልፍ ጥቁር ወጣ። ሁለተኛውም ጥቁር ሆነ። በዚያ ፈሳሽ ያራስኩት ሦስተኛው ግን ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያ በኋላም ሰማያዊው አልለቅ አለ። አገር ቤት ሃያ ዓመት የሠራዊቱን ጠመንጃ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነዎትና ምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ጨርቁን ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ።

እህትዎ ሸዋረጋ


ለዛቫንሼ፣ ጄኔቭ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን

ሸዋዬ፣ እህት ዓለም፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ሰባተኛ ፎቅ መሆናችንን እየቆጠረ ከማሳበቁ በቀር። አሳንሰሩ ሲበላሽ እኔም አብሬው እበላሻለሁ። ትርፍነሽ በግድግዳ ማዶ በጉባኤ ስትጸልይ ሕንጻው ይንቀጠቀጣል አሉ፤ መደንቆሬ ጠቀመኝ።

መርፌው ያልሽኝ ገብቶኛል። አልመክርሽም፤ የለቀቀሽ ቀን ጻፊልኝ። ከደብዳቤሽ ጋር በላክሽው ካርድ ላይ ለጠየቅሽኝ ደግሞ፦ አይ፣ ልቡን እንደሚያመው ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። የሚያውቅም አይመስለኝም።

ስለ ብረት ግን ልንገርሽ። ጨርቅሽን መስኮት አጠገብ ይዤ አየሁት። መዳብ ነው። ጥይት የሚለብሰው ልብስ መዳብ አለበት፤ በአፈሙዙ ውስጥ ተፋትጎ ሲያልፍ ከልብሱ ጥቂት ጥቂት ትቶ ይሄዳል። የባሩዱ ጥቀርሻ በዘይት ይለቃል፤ መዳቡ ግን ብረቱ ላይ ተለብጦ ይቀራል። እላዩ ላይ ጥቀርሻ፣ ደግሞ መዳብ፣ ደግሞ ጥቀርሻ። ዓመታት ሲከማችበት ግትር ይሆናል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ያንን መዳብ ሲበላው ነው ሰማያዊ የሚሆነው።

እንዲህ አድርጊ። መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አጥልቂ። ጨርቁን በፈሳሹ አርሰሽ ጥይት ከሚጎርስበት በኩል አስገቢና በአፉ በኩል አውጪው፤ ወዲያና ወዲህ አታመላልሺው። ሩብ ሰዓት ተዪው። ከዚያ በላይ አታቆዪው፣ ብረቱን ራሱን ይነካዋል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊና ድገሚው። ስትጨርሺ ዘይት አስነኪው። በአንድ ቀን አይለቅም። በብረት ነገር ፍቄ ልገላገል ካልሽ አፈሙዙን ትጭሪዋለሽ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ጨርቁን ላኪልኝ። ቀለሙን አይቼ የት እንደደረስሽ እነግርሻለሁ።

ገረመው


ዙሪክ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን

ጋሼ፣

እንዴት ሰነበቱ? እንዳሉኝ ሠራሁ። የመጀመሪያው ቀን ጨርቁ የተማሪ ቀለም የተደፋበት መስሎ ወጣ፣ ትናንት ፈዘዝ ብሏል። ሁለቱንም ልኬያለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ደምም አዮዲንም ዝገትም አስለቅቄያለሁ። መዳብ አያሸንፈኝም።

አንድ ነገር አስተካክያለሁ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ጨርቁን የሚይዘው ቁራጭ ፕላስቲክ ነበር። በፕላስቲክ ጠመንጃ ይጸዳል? እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ለዕቃ ክብር አያውቁም። እዚህ ሠፈራችን ላንግሽትራሰ ማዶ ካለ መሣሪያ መሸጫ ደህና የናስ ጫፍ ገዛሁለት፤ ከበድ ያለ፣ ወርቅ የሚመስል። ፕላስቲኩን ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

በትርፍነሽ በኩል ብቻሽን ነሽ ወይ ላሉኝ፣ አይደለሁም። ቀብሩ ላይ አቅፋኝ የቆመችውን ረጅም ልጅ ያስታውሷታል? ናኒ ትባላለች። ዓመት ሙሉ ጓደኛው ነበረች፤ ሊጋቡ ያስቡ ነበር። እኔ ስሟን የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሣህን ለሚያቀብል ሰው ማን ምን ይነግረዋል? ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች መጻሕፍቱንና ልብሱን ካርቶን ውስጥ ትከታለች። አማርኛዋ የሱራፌልን ይመስላል። «ማሚ ሸዋ፣ ዳስ ላንግት፣ በቃ፣ ውስጡን ማንም አያይም» ትለኛለች። «እኔ አያለሁ» አልኳት።

ሸዋረጋ


ለዛቫንሼ፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን

ሸዋዬ፣

ጨርቆቹ ደርሰውኛል። ጥሩ እየሄድሽ ነው፤ ከላይ ያለው ለቋል። ቀጥዪ።

ከፊርማሽ በታች በእርሳስ ጽፈሽ በላጲስ ያጠፋሽውን አንብቤዋለሁ። ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። አርባ ሰባት ዓመት ሳትጠይቂኝ የቆየሽውን ነገር በላጲስ ማጥፋት አይቻልም።

መልሱ፦ አዎ። ወንድማችን ስምዖን ከደጃችን ተወስዶ በተገደለበት ሰሞን የክፍለ ጦሩን ጠመንጃ የማጸዳው እኔ ነበርኩ። ማታ ወጥተው የሚያድሩት ጠመንጃዎች ጠዋት እኔ ጠረጴዛ ላይ ይመጡ ነበር። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሁሉንም አጽድቻለሁ። አሻፈረኝ ብል ቀጣዩ እኔ እንደምሆን አውቅ ነበር፤ ይህን የምነግርሽ ምክንያት ይሁነኝ ብዬ አይደለም።

ቤትሽ ጠርተሽኝ የማታውቂው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜም ገብቶኛል። አልተቀየምኩሽም።

ፈሳሹን ሩብ ሰዓት ብቻ።

ገረመው


ዙሪክ፣ ኦክቶበር 6 ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይቅር ብዬዎታለሁ ለማለት መጀመሪያ መቆጣት ያስፈልጋል፤ ቁጣውን ፈለግሁት፣ የለም። ስምዖን አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ አምስት። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ባየሁበት መንገድ አልፌ አላውቅም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ጠመንጃ ታቅፌ እውላለሁ። ይህም አልከበደኝም። ምንም ነገር አይከብደኝም።

ሰማያዊው አልለቀቀም። ፈዟል፣ ግን አለ። በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ አለ። ረቡዕና ዓርብም መሄድ ጀምሬያለሁ፤ ጠዋት ባቡር ላይ ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ። ቤቱን ማጽዳት አልጀመርኩም። ምድጃው፣ መስኮቱ፣ መታጠቢያው እንዳለ ነው፤ ቤት የሚረከቡት ሰዎች ጣታቸውን በየጥጉ እያስነኩ እንደሚያዩ አላጣሁትም። መጀመሪያ ይህ ይለቅ። ሱራፌል ከቆረጣቸው ጨርቆች የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሌላ ጨርቅ መቁረጥ አልፈልግም፤ በእሱ ጨርቅ ነው ማለቅ ያለበት።

ምን እያጠፋሁ ነው? እርስዎ ሁሌ ቀጥዪ ይሉኛል። ከአራት ሳምንት በኋላ የሚቀር መዳብ አለ? ወይስ የእኔ እጅ ነው የማያጸዳው?

ሸዋረጋ


ለዛቫንሼ፣ ኦክቶበር 10 ቀን

ሸዋዬ፣

እጅሽ ደህና ነው። ቀጥዪ። ምሳ ብዪ።

ገረመው


ለዛቫንሼ፣ ኦክቶበር 17 ቀን

እህቴ ሸዋረጋ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ናኒ ጻፈችልኝ። አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የጻፈችው፤ ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አፈሙዙን በባትሪ አይታው ውስጡ እንደ መስታወት እንደሚያበራ፣ አንቺ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሩ እንደማትነሺ፣ ቤቱም ሊያስረክቡት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ምንም እንዳልተነካ ነገረችኝ። «አጎቴ፣ እርስዎ በቃሽ ካላሉ አታቆምም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሸዋዬ፣ አፈሙዙ ከጸዳ ቆይቷል። ምናልባት በሦስተኛው ሳምንት ጸድቷል። አሁን የምታዪው ሰማያዊ ከጠመንጃው የሚመጣ አይደለም። ናስ ራሱ መዳብ አለበት። ያ የገዛሽው የሚያበራ ጫፍ አሞኒያው ሲነካው ይበላዋል፣ ጨርቁንም ሰማያዊ ያደርገዋል። መቶ ዓመት ብታጸጂ ሰማያዊ ነው የሚወጣው። ፕላስቲኩ ለዚሁ ነበር፤ ፕላስቲክ አይበላም።

ይህን አሁን አይደለም ያወቅሁት። ጫፉን ገዛሁ ስትዪኝ፣ በሴፕቴምበሩ ደብዳቤሽ፣ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ዝም ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው።

ለምን ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ስምዖን በሞተ ሰሞን እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። አንድ ጠመንጃ ይዤ ሁለት ወር ጠረግሁት። ንጹሕ ነበር። የክፍሉ አለቃ በየቀኑ በአጠገቤ ያልፋል፣ ያያል፣ አንድ ቀን እንኳ «ተው፣ ጸድቷል» አላለኝም። ያንን እጄ ውስጥ የነበረ ነገር ቢወስድብኝ ኖሮ የት እንደምሄድ አላውቅም። እኔም ይህችን ደግነት ላድርግላት አልኩ። ግን አለቃዬ ዝም ሲለኝ እኔ ጥፋቱ በእጄ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም ነበር። አንቺ «የእኔ እጅ ነው የማያጸዳው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ እኔም ምሳ ብዪ አልኩሽ። እዚያ ላይ በደልኩሽ። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ደግሞም፣ እውነቱን ልጨርስ። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው አልነበረኝም።

ሌላም ያስቀረሁብሽ ነገር አለ። ስለ መዳብ የጠየቅሽኝ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ አይደለሽም። ከዚህ ጋር የላክሁልሽን ደብዳቤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው የተቀበልኩት። በፕላስቲክ አድርገው ብዬ የመለስኩለት እኔ ነኝ። በቀብሩ ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን እየከተትኩ ዳሰስኩት፣ ግን አላወጣሁትም። ይጎዳሻል ብዬ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ። ግን የተጻፈው ስላንቺ ነው።

ወንድምሽ ገረመው


ኡስተር፣ ጁላይ 28

አጎቴ ገረመው፣

ሰላም ነህ? ይቅርታ፣ ነዎት። ማሚ ለአጎት እርስዎ በል ትላለች፣ እኔ እረሳለሁ። አማርኛ መጻፍ ለእኔ ከባድ ነው፣ ናኒ ትረዳኛለች ግን እሷም አትችልም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጠመንጃዬን መመለስ እፈልጋለሁ። እዚህ ይቻላል፣ ወታደር ቤት ያስቀምጥልሃል፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ኦጉስት 24 ግዴታ የሆነ ተኩስ አለኝ፣ ከዚያ በቃ። ግን ውስጡ ብዙ ኩፕፈር፣ መዳብ፣ አለ። አምስት ዓመት ተኮስኩ እና በደንብ አላጸዳሁም። አሁን እሞክራለሁ፣ አይወጣም። ቆሻሻ መስጠት አልፈልግም፣ ያሳፍራል። እርስዎ ይህ ሥራዎ ነበር፣ ማሚ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፣ ከዚያ ወሬ ቀየረች።

ለምን እንደምመልስ ልንገርዎት? ማሚ ቤቴ ገብታ አታውቅም። በሩ ጋ ትቆማለች። ምግብ ትሰጠኛለች፣ ጫማዬን ታያለች፣ ትሄዳለች። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ የእሷ ችግር ነው አልኩ። አሁን አልተናደድኩም። ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ፣ እጠራታለሁ። በሩን እከፍታለሁ እና «ማሚ፣ የለም፣ ግቢ» እላታለሁ። ናኒን ታያለች። ምግብ እኔ እሠራለሁ።

እባክዎ አይንገሯት። እኔ ልንገራት።

ሱራፌል


ዙሪክ፣ ኖቬምበር 1 ቀን

ለወንድሜ ለጋሼ ገረመው

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ተቆጥቼ ነው። የፈለግሁት ቁጣ መጣ፣ ያውም በእርስዎ ላይ። የእናታችን ልጅ እንዲህ ያሞኘኛል ብዬ የናሱን ጫፍ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት፤ ናኒ ቀዳዳውን በጥርስ ሳሙና ደፍናዋለች። እዚህ አገር ተከራይ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። ከኦገስት ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ያ ነበር።

ሴፕቴምበር 14 ቀን ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፣ ጋሼ። ያ ቅዳሜ ነው ጨርቁ ቀለም የተደፋበት መስሎ የወጣው። እሱ ሊጠራኝ ባሰበበት ቀን እዚያ ነበርኩ፣ ግን ጠመንጃው እጄ ላይ ነበር። የሱራፌልን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ያንን ስቆጥር ከረምኩ።

ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ ፕላስቲኩን አወጣሁት። ከጨርቆቹ የቀሩት አራት ነበሩ። አንዱን በፈሳሹ አርሼ አሳለፍኩ፤ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ደረቁን አሳለፍኩ። ነጭ ወጣ። ልብስ አጣቢ ነኝና ነጭ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነጭ ነው። ሦስተኛውን ደገምኩ፣ ያው ነው። ያንን ለእርስዎ ልኬዋለሁ። መስኮት አጠገብ ይዘው ይዩት። አራተኛውን አልነካሁትም፣ እኔ ጋ ነው።

ከዚያ ምድጃውን፣ መስኮቱን፣ መታጠቢያውን ከናኒ ጋር አጠብን። አራት ቀን ፈጀ።

ትናንት ጠዋት ጾይግሃውስ ሄድኩ። ዕቃውን የተረከበኝ ሰውዬ ትንሽ መብራት ወደ አፈሙዙ አስገብቶ አየ፤ ደግሞ በሌላው በኩል አየ። እንዲህ ጸድቶ የመጣለት ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ቅንድቡን አነሣ። «ማን ነው ያጸዳው?» አለኝ። «ልጄ» አልኩት። ወረቀት ላይ ፈረመልኝና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እጄ ቀለለ።

ስለ ስምዖን የጻፉልኝን አስቤዋለሁ። ገና ማሰቤን አልጨረስኩም። ግን ለገና ዙሪክ ይምጡ። ላንግሽትራሰ ጫጫታ ነው፣ ለእርስዎ ግን ምን ቸገረዎት። በሩ ላይ አላቆምዎትም፤ ልጄን አቁሜ አይቼዋለሁ።

ከጾይግሃውስ ባቡር ይዤ ወደ ኡስተር ተመለስኩ። ቁልፍ የምንመልሰው ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ደረጃውን ወጥቼ እንደ ድሮው በሩ ላይ ቆምኩ። ገርበብ ብሏል። ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበረኝ፣ ሁለት ወር ስገባበት የከረምኩበት ቤት ነው። ትናንት ግን ሳልጠራ አልገባም አልኩ። ጫማዬን አወለቅሁና «ቤቶች!» አልኩ።

ናኒ ከውስጥ ነበረች። ደብዳቤውን አንብባዋለች፤ አብራው ነው የጻፈችው። ወጥታ በሩን እስከ ግድግዳው ከፈተችው። ከኋላዋ ባዶ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ የለም፣ ወንበር የለም፣ መስኮቱ ላይ ብቻ አንድ ድስት አለ፣ ክዳኑ ሲተን ይታያል። ሱራፌል ያስተማራት ወጥ ነው፤ በእሷ እጅ ግን ሩዝ የመሰለ ነገር ሆኗል። እንባዋን ጠርጋ «ማሚ፣ የለም» አለችኝ። «ግቢ።»

ገባሁ።

መርፌው የለቀቀሽ ቀን ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር። ለቅቆኛል ጋሼ። ያማል።

እህትዎ ሸዋረጋ